ሁለተኛው ጓዳ

«አራት ዓመት ሙሉ እኮ እንደ እንግዳ ነው ያስቀመጠችኝ» ሲል ሰማችው፣ ታናሽ ወንድሟን። እሷ መታጠቢያ ቤት ቆማ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር፤ እሱ ከሚስቱ ጋር ማድቤት ነው። ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ውስጥ የውሃ ቧንቧ ስለሚያልፍ፣ እዚያ ማንኪያ ሲወድቅ እዚህ ይሰማል። ቤቱን ከተከራዩበት ቀን ጀምሮ እንደዚያው ነው፤ ሦስቱም ያውቁታል፤ የሚስጥር ወሬ ያለው ሰው በረንዳ ወጥቶ ነው የሚያወራው። ዛሬ ግን ወይ ረስቶታል፣ ወይ እንድትሰማው ፈልጓል። ነርሷ ሚስቱ «ኧረ ቀስ በል፣ ትሰማሃለች» አለችው። «ትስማ! አሥር ሰዓት ላይ በስብሰባ ሊነገር አይደል እንዴ? ወይ ጓዳው ይፈርሳል፣ ወይ እኔ ከዚያ መሥሪያ ቤት እወጣለሁ። ከዚያ ከወጣሁ ደግሞ እዚህ ቤትስ ከሷ ጋር ምን ያስቀምጠኛል?» ከዚያ ማንቆርቆሪያው መጮህ ጀመረና ሌላው አልተሰማትም። የጥርስ ሳሙናው አረፋ አገጯ ላይ ወርዶ ነበር፤ ሳትጠርገው ቆየች።

ግራ ያጋባት «እንግዳ» የሚለው ነው። ቁጡ ነሽ፣ ነዝናዛ ነሽ ቢላት ኖሮ ትቀበለው ነበር፤ አርባ ስድስት ዓመት ከራሷ ጋር ኖራለች፣ ጠባይዋን አታጣውም። እንግዳ ግን ከየት መጣ? ሲያገባ ባለ ሁለት መስኮቱን ሰፊ ክፍል ለነሱ ለቃ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ከገቡበት በኋላ በጎን ካልሆነ የማይታለፍበት ጠባብ ክፍል የገባችው እሷ አይደለችም ወይ? ባለፈው ሳምንት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሱ ያለቻቸው ነገር ይሆን? ፎጣውን ለይታ ማጠቧ ይሆን? አንድ በአንድ አነሳች፣ አንድ በአንድ ጣለች። ፊቷን ታጥባ እንደጨረሰች ሁልጊዜ በሆዷ የምትላት አጭር ጸሎት ነበረቻት፤ ዛሬ ስትጀምራት ጠፋችባትና «አምላኬ፣ ምን አድርጌ ይሆን?» ብቻ ብላ ወጣች።

ቁርስ ላይ ዳቦና እንቁላሉን መሀል አስቀምጠው ስለ ሊፍቱ አወሩ። «ጠገንነው ብለው ነበር እኮ» አለች ነርሷ። «ጠግነውታል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻ ነው የሚቆመው» አለ ወንድሟ። «እኛ ደግሞ ስድስተኛ።» «ሁለት ፎቅ መውጣት ያው ስፖርት ነው» አለች እሷ፤ ማንም አልሳቀላትም። ነርሷ ዓይኗን ከባሏ ወደሷ፣ ከሷ ወደ ባሏ እያመላለሰች ሻይ ጨመረችላቸው፤ ለሁለቱም ሳይጎድል ጨመረች። ወንድሟ ብድግ ብሎ ጃኬቱን ሲለብስ፣ «እትዬ፣ እኔ ለሥራ ሆስፒታሉ ጋ ደርሼ ነው ቢሮ የምመጣው፤ አትጠብቂኝ» አላት። «እትዬ» ማለቱን አልተወም። ይህም ራሱ ግራ ገባት፤ ሰው እንዲህ ያዘነበትን ሰው እንዴት በዚያው ቃል ይጠራል?

አራት ዓመት በአንድ አውቶቡስ ነበር የሚሄዱት። እሱ ቆሞ፣ እሷ ተቀምጣ፣ ቦርሳው ጉልበቷ ላይ። ዛሬ ጉልበቷ ባዶ ሆነና እጆቿን የምታደርግበት ጠፋት። ፊት ለፊቷ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች የቲማቲም ነገር ይዘው ነበር። «ትናንትና ጠይቄ ሄጄ ዛሬ ስመለስ በእጥፍ! ሌሊቱን ምን ሲማር አደረ?» ትላለች አንዷ። ሌላዋ ሳቀች። እሷም ሳትፈልግ ፈገግ አለችና ወዲያው የጠዋቱ ነገር ትዝ ብሏት ከንፈሯን ሰበሰበች።

የተባለው ጓዳ የቤት ጓዳ አይደለም። መሥሪያ ቤታቸው ሰባት ሶፍትዌሮችን ይሠራል፤ አንዱ ለአውቶቡስ ትኬት ነው፣ አንዱ ለትምህርት ቤት ውጤት፣ አንዱ ለፋርማሲ፣ የወንድሟ ደግሞ ለሆስፒታል ላብራቶሪ፤ እንዲህ እያለ ሰባት ይሞላል። በየቀኑ የሚጻፈውን ኮድ ሰብስቦ፣ ፈትሾና አስሮ የሚሠራ ፕሮግራም ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሠራተኞቹ «ቢልድ» ይሉታል። ድሮ ሰባቱም ፕሮጀክቶች የቢልድ ትእዛዛቸውን ለየብቻ ይዘው ነበር። አንድ ነገር ሲቀየር ሰባት ቦታ መዞር ነው፤ ስድስቱን አስተካክሎ ሰባተኛውን መርሳት ነው። እሷ ያኔ የመመሪያ ጽሑፎቻቸውን በኮምፒውተር የምትተይብ ጸሐፊ ነበረች። ጥግ ተቀምጣ ጭቅጭቃቸውን ስትሰማ፣ ስትሰማ ሦስት ዓመት አለፈ፤ መጽሐፍም አገላበጠች፣ ቤቷም ሞከረች፤ አንድ ቀን «የሁላችሁም የሚመሳሰለው አንድ ቦታ ቢቀመጥና እየመጣችሁ ብትወስዱስ?» አለቻቸው። ሳቁባት፤ በሳምንቱ ሠሩት። አንዱ ሞጁል፣ ማለት የፕሮግራም ቁራጭ፣ የመሰብሰቡን ሥራ ያዘ፣ አንዱ የመፈተሹን፣ አንዱ የማተሚያውን፤ እያንዳንዱ ፕሮጀክት በአንዲት መስመር «ከጓዳ አምጣ» ይላል፣ ይመጣለታል። ጓዳ ብሎ ስም ያወጣለት የትኬቱን ፕሮጀክት የሚሠራው ሰውዬ ነው፤ ጠባቂው እሷ ስለሆነች ከዚያን ቀን ጀምሮ «ባለጓዳዋ» ይላታል።

ጠረጴዛዋ ላይ የወንድሟ ደብዳቤ ቀድሟት ደርሶ አገኘችው። አለቃቸው በነገር ሁሉ ስለሚቸኩል «ቶሎ ቶሎ» ነው የሚሉት፤ ከላይ በቀይ «አሥር ሰዓት ላይ ይወሰን» ብሎበታል። የወንድሟ ጽሑፍ አጭር ነበረች። ጓዳው እንዲፈርስና እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን እንዲይዝ ይጠይቃል። ምክንያቱን ሲዘረዝር፣ በሆስፒታሉ የውጤት ወረቀት ላይ የመጨረሻው ዓምድ እየተቆረጠ እንደሚታተም ስምንት ጊዜ አመልክቶ ስምንቱንም ጊዜ «ተስተካክሏል» እንደተባለና እንዳልተስተካከለ ይናገራል። ይህን ታውቀዋለች። ስምንቱንም ጊዜ የማተሚያውን ሞጁል አስተካክላለች፤ ስድስቱ ፕሮጀክቶች ድነዋል፤ የሱ ብቻ አልድን ሲላት «ኮምፒውተርህን አጥፍተህ አብራው» ብላዋለች፤ ሌላ የምትለው አልነበራትም። ያስደነገጣት ሁለተኛው ነው። «ለአራት ዓመት ወደ ጓዳው ያስገባሁት ሥራ አንድ ቀን እንኳ ታይቶ፣ ይሄ ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ተብሎ አያውቅም» ይላል።

ደግማ አነበበችው። ወንድሟ ወደ ጓዳው ምን አስገብቶ ያውቃል? ምንም። አንዲት መስመር አላስገባም። እንዲያውም በሆዷ ስትታዘበው ነው የኖረችው፤ ሌሎቹ አሻሻልን ብለው የሆነች ነገር ሲያመጡላት፣ የገዛ ወንድሟ ግን ባዶ እጁን ነው፤ ፈርቶ ይሆናል፣ ወይም ሰንፎ፣ ብላ አፏን ይዛለች። አሁን ይዋሻል እንዳትል፣ ውሸት የማይችል ልጅ ነው፤ ትንሽ ሆኖ እንኳ ብርጭቆ ሰብሮ ስብርባሪውን እጁ ላይ ይዞ ነበር የሚመጣው። እውነት ነው እንዳትል፣ ጓዳውን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ከፈተችው፤ የገባውን ሁሉ ከነአስገቢው ዘረዘረችው። የትኬቱ ሰውዬ ስም አለ፣ የፋርማሲዋ ልጅ ስም አለ፣ የቶሎ ቶሎ ስም እንኳ አንድ ቦታ አለ። የወንድሟ የለም።

«ምነው ባለጓዳዋ፣ መልክሽ የጠፋ?» አለ የትኬቱ ሰውዬ፣ ብርጭቆውን ይዞ ብቅ ብሎ። ከሷ አሥር ዓመት ይበልጣል፤ የሱ ቢልድ አርባ ደቂቃ ስለሚፈጅ ጠዋት ካስጀመረው በኋላ በየቢሮው እየዞረ ሻይ ይጠጣል። «ደብዳቤውን አየሁት። አይዞሽ፤ ወንድም ሲባል ያው ነው፣ የኔም አላናግረኝ ካለ ሰነበተ።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወንድሜ የሆነ ነገር ሠርቶ ሰጥቶህ ያውቃል?»

«ለኔ? ምን ይሰጠኛል! እሱ ዕድለኛ ልጅ ነው፣ የሱ ቢልድ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ፕሮጀክቱ ትንሽ ስለሆነ ነው አልሽኝ እንጂ በቅናት ልሞት ነበር።»

ብላዋለች፣ አዎ፤ ያለችው እሷ ናት። ግን የላብራቶሪው ፕሮጀክት ትንሽ ነው? ሰውዬው እንደወጣ የሁለቱን መጠን አስተያየች። የወንድሟ ከትኬቱ ይበልጥ ነበር። በትልቁ ዘጠኝ ደቂቃ፣ በትንሹ አርባ፤ ከአንድ ጓዳ እየወሰዱ። ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የማተሚያውን ሞጁል መስመር በመስመር አነበበች፤ ደህና ነው። የፍተሻውንም አነበበች፤ ደህና ነው። ምሳዋን ጠረጴዛዋ ላይ ከፍታ ሳትበላው ዘጋችው። የሷ ጠባይ ነገር ሲጠፋባት ቆም ብሎ ማዳመጥ ነው፤ ሥራውንም የተማረችው በዚያ ነው። ማሽኑንም ልታዳምጠው አሰበችና፣ የሰባቱንም ፕሮጀክቶች ቢልድ ስታስጀምር እያንዳንዱን ሞጁል ከየት እንዳነሳው እየጻፈ እንዲሄድ አዘዘችው።

ትኬቱ፣ ከጋራው ጓዳ አለ። ፋርማሲው፣ ከጋራው ጓዳ አለ። ስድስቱ እንደዚያው ናቸው። ላብራቶሪው ላይ ሲደርስ፣ ጓዳ የሚል ፎልደር ከራሱ ከላብራቶሪው ውስጥ አነሳሁ አለ። ሁለተኛ ጓዳ! ስሙ ያው፣ ሞጁሎቹ ያው፣ በሌላ ቤት የተቀመጠ። ማሽኑ ዕቃ አምጣ ሲባል በቅድሚያ የፕሮጀክቱን ቤት ያያል፤ እዚያ ካጣ ነው ወደ ጋራው የሚሄደው። ኔትዎርክ የተቋረጠ ቀን ሥራ እንዳይቆም ብላ ይህን ሕግ የጻፈችው እሷ ራሷ ናት። ስለዚህ ስምንት ጊዜ ያስተካከለችው ማተሚያ አንድም ቀን ላብራቶሪው ጋ አልደረሰም፤ የወንድሟ ፕሮጀክት ደጇን ረግጦ አያውቅም።

ሰውዬው ለካ ተመልሶ ከኋላዋ ቆሟል። «አሃ!» አለ፣ ሻዩ እስኪፈስ። «ኮፒ አድርጎ ደብቆ ይዟላ! ራሱ ቆርጦ ወጥቶ ነው ጓዳው አልሠራልኝም የሚለው? በይ ተገላገልሽ!» እሷም በዚያች ቅጽበት እንደሱ አሰበች። ጠዋት የገባባት ነገር ከደረቷ ላይ ሲነሳ ተሰማት፤ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ እንግዳ ያደረገው ራሱን ነው። «እንግዲህ…» አለች ብቻ። ሰውዬው ይህችኑ ይዞ ወጣ።

ከዚያ ፎልደሩን ከፈተችው። ከላይ የቅርብ ጊዜው ነው፣ ወደታች እየቆየ ይሄዳል። መቶ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ለውጥ፣ ሁሉም በወንድሟ ስም፣ ለአብዛኞቹ አጠገባቸው ምን እንደሆኑ ማስታወሻ ተጽፏል። «የተነካውን ብቻ እንዲፈትሽ፤ ለትኬቱ ሰዎች በጣም ያፈጥንላቸዋል።» «ፋርማሲዋ የጠየቀችው።» «ለሁላችንም።» «እትዬ፣ ይሄን እይልኝ።» ትንሽ ወርዶ ደግሞ፣ «እትዬ፣ ትክክል ነኝ?» እየወረደች ስትሄድ ማስታወሻዎቹ እየረዘሙ ሄዱ፤ ልጁ ከጊዜ ወደ ጊዜ ቃል እየቆጠበ መጥቷል ማለት ነው፤ ከላይ ያሉት የቅርቦቹ ላይ ምንም አልጻፈም። ደብቆ አልነበረም። ይህን ፎልደር የጋራው ጓዳ ነው ብሎ ነው የኖረው። የሁሉም ቤት እንዲህ ያለ አለ፣ እዚህ ያስቀመጥኩት ለሁሉም ይደርሳል ብሎ።

መጨረሻው ታች ላይ፣ ፎልደሩ የተፈጠረበት መስመር ላይ የራሷ ስም ነበር። ማስታወሻውም የራሷ፤ «ለጊዜው» ይላል። ቀኑን አየችው። እሱ ሥራ በገባ በሁለተኛው ቀን ነው።

ያን ጊዜ መጣላት። ወንድሟ ገና ጀማሪ ነበር። የጋራውን ነክቶ የሰባቱን ሥራ ቢያቆም፣ ቶሎ ቶሎ ሰው ፊት ይጮህበታል፤ ደግሞ የባለጓዳዋ ወንድም ነው ይባላል። ስለዚህ ጓዳውን ገልብጣ እሱ ፕሮጀክት ውስጥ አስቀመጠችለት፤ እዚህ የፈለገውን ቢሰብር ማንንም አይነካም፤ ሦስት ቀን ይለማመድና አነሳዋለሁ። አልነገረችውም። የልምምድ ነው ብትለው ሆድ ይብሰዋል ብላ፣ እውነተኛው ውስጥ እንዳለ እንዲያስብ ተወችው። በሦስተኛው ቀን እናታቸው ሆስፒታል ገቡ፤ አርባ ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አረፉ። ከዚያ በኋላ የሦስት ቀን ነገር ማን ያስታውሳል?

እጆቿን አየቻቸው፤ የሰው እጅ መሰሏት። ስልክ ደወለችለት፤ ሆስፒታል ስላለ አላነሳም። ሰውዬውን ልታስቆመው ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ የቶሎ ቶሎ ሳቅ ከቢሮው ተሰማት፤ ወሬው ቀድሟታል። የፋርማሲዋ ልጅ በአጠገቧ ስታልፍ ትከሻዋን ነካ አድርጋ «ተመስገን ነው፣ ተገኘ አሉ» አለቻት። እሷም «አዎ» አለች። ለምን አዎ እንዳለች አታውቅም። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ያን የመጨረሻ መስመር ወርዶ የሚያይ ሰው እንደሌለ ታውቃለች፤ መቶ መስመር ማን ይወርዳል? ዝም ብትል ጓዳውም ይቆያል፣ ሥራዋም ይቆያል። እሱ ግን ያልሠራውን ተሸክሞ ይወጣል፣ ከመሥሪያ ቤቱም ከቤቱም። ማታ የሱን ክፍል መብራት ጠፍቶ ስታየው ታያት። ልትጸልይ ፈለገችና ምን እንደምትለምን ጠፋት፤ የሚለመነው እኮ ተሰጥቷታል፤ ምን እንዳደረገች ታውቃለች።

አሥር ሰዓት ላይ ለስምንት ሰው በማይበቃው የስብሰባ ክፍል አሥራ አንድ ሆነው ገቡ። ወንድሟ መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ ከሆስፒታሉ ያመጣቸውን የተቆረጡ ወረቀቶች በክንዱ ይዟል፤ ደረጃ ሮጦ ስለወጣ ያለከልካል። ቶሎ ቶሎ እስኪቀመጥ እንኳ አልጠበቀውም።

«አጭር ነው፣ አጭር ነው። ስብሰባ አያስፈልገውም። አንተ ጓዳውን ኮፒ አድርገህ ለብቻህ ይዘህ ነው ለካ እኛን የምታስጨንቀን?»

ወንድሟ ዞር ዞር ብሎ አየ። «ምን ኮፒ?»

«ፎልደሩ፣ ፎልደሩ! ያንተ ፕሮጀክት ውስጥ ያለው።»

«ጓዳው እኮ ነው እሱ።» የሁሉንም ፊት አየ። «እናንተስ ጋ የለም እንዴ?»

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ አንድ ሰው ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ሲመጣ የሚሳቅ ዓይነት ነው። የትኬቱ ሰውዬ እንባውን ጠረገ። ወንድሟ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መልሶ አነሳቸው። ጆሮው ሥር ቀልቷል። ከዚያ ወደሷ ዞረ፤ ተናዶ አይደለም፤ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው ያያት፤ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ንገሪኝ እንደሚል።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አለች። ድምፅዋ ስላልወጣ ደገመችው። «ኮፒውን እኔ ነኝ ያደረግኩት። ሥራ በገባ በሁለተኛው ቀን። የጋራውን እንዳይሰብር ፈርቼ፣ መለማመጃ ብዬ። ለሱም አልነገርኩትም። ረሳሁት።»

ሳቁ ባለበት ቀረ። ቶሎ ቶሎ እንኳ አልቸኮለም። ወንድሟ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳይከፋህ።»

«እንዳይከፋኝ!» አለ። «አራት ዓመት?»

«ያሰብኩት ሦስት ቀን ነበር።»

«ታዲያ…» ጣቱን አንስቶ አየር ላይ አቆመው፣ የሚቆጥር ይመስል። «ያስገባሁት ሁሉ ማንም ጋ አልደረሰም?»

«አልደረሰም። ለኔም አልደረሰኝም። ዛሬ ነው ያነበብኩት። እኔ ምንም አይሠራም ብዬ ስታዘብህ ነበር፤ ይቅር በለኝ።» ሰው ፊት እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ወደ ትኬቱ ሰውዬ ዞራ፣ «ጋሼ፣ የተነካውን ብቻ የሚፈትሽ ነገር አይቻልም ብዬህ ነበር አይደል? እሱ ሠርቶታል። ካንተ የሚበልጥ ፕሮጀክት ነው በዘጠኝ ደቂቃ የሚጨርሰው። ላንተ ብሎ ነው የሠራው፤ አጠገቡ ጽፎታል» አለችው።

«መቼ?» አለ ሰውዬው።

«ከሁለት ዓመት በፊት።»

ሰውዬው ብርጭቆውን አየው፤ ሁለት ዓመት በቀን ስንት ሻይ እንደሆነ የሚያሰላ መሰለ። ቶሎ ቶሎ ተነሳ። «እንግዲህ ጓዳው ይቆያል ነው ወይስ ይፈርሳል ነው የምንለው? እኔ ግራ ገባኝ። ሁለታችሁ ተስማሙና ነገ ጠዋት ንገሩኝ፣ ነገ ጠዋት።» ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሁሉም በሩ ላይ እየተጋፉ ወጡ፤ ማንም የማንንም ዓይን አላየም።

ሁለቱ ቀሩ። እሱ ከወረቀቶቹ አንዱን አንስቶ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቱ ያስኬዳል። ቁጣ ይሁን እፎይታ ከፊቱ ለማንበብ ሞከረች፤ አቃታት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የምታውቀው ፊት ነው፣ ዛሬ ግን አንድ ገጽ ዘልሏት ይሆን አለች።

«እኔ እያንዳንዷን አወጣና ወደ ጋራው አስገባልሃለሁ» አለችው በመጨረሻ። «ማታም ቢሆን ተቀምጬ…»

«አይ» አለ። «አንቺ አታስገቢልኝ። እኔ ነኝ የማስገባው።»

ጠረጴዛዋ ጋ ሄዱ። ወንበሯን ለቀቀችለት፤ ራሷ የፋርማሲዋን በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። የተነካውን ብቻ የሚፈትሸውን ሞጁል ከፍቶ ለጋራው ጓዳ እያመቻቸ ሲጽፍ ጣቶቹን አየች፤ ፈጣን ናቸው፤ መቼ እንዲህ እንደሆኑ አላየችም። አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ጋ ቆይ፣ የትኬቱ ፋይሎች ስማቸው ይለያል» አለች። «አይለይም፤ ከስሙ አይደለም የማነሳው።» «ይለያል አልኩህ።» «እትዬ፣ እይ መጀመሪያ!» አላት። ጮክ ብሎ ነው። ቤትም ውስጥ እንዲህ ብሏት አያውቅም፤ ሁልጊዜ እሺ ነበር የሚለው። በርጩማዋን ትንሽ ወደኋላ ሳበች። እሱም ወደ ማሽኑ እንዳየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሦስቱን ቀን ነገር አልጨረስንም ደግሞ። ቤት ስንገባ እንነጋገራለን» አለ። ቤት ስንገባ። ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

የቀሩትን ለውጦች ለይቶ አስቀመጠና የላብራቶሪውን አሮጌ ፎልደር አጠፋው፣ የጻፈውን ወደ ጋራው አስገባ፣ ሰባቱንም ቢልዶች አስጀመረ። ላብራቶሪው አለፈ፤ የውጤቱ ወረቀት በሙከራ ሲታተም የመጨረሻው ዓምድ ሙሉ ወጣ። ፋርማሲው አለፈ። ትኬቱ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ቆመ፤ ቀይ በቀይ ሆነ፤ ከሱ በኋላ ያሉት አራቱም አከታትለው ቀዩ። ከኮሪደሩ ወዲያ ወንበር ሲገፋ ተሰማ፤ የትኬቱ ሰውዬ ድምፅ ቢሮውን ሞላው። «ማነው? ማነው ጓዳውን የነካው? ሥራዬን ገደለው እኮ!»

እንደ ልማዷ «እኔ ነኝ ጋሼ» ልትል ትንፋሿን ሳበች።

«እኔ ነኝ!» አለ ወንድሟ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ። «ሰብሬዋለሁ። ቆይ፣ አስተካክለዋለሁ!»

ሰውዬው ጉም ጉም እያለ መጣና ከኋላቸው ቆመ። እሷ ጣቷን አንስታ ስህተቱ ያለበትን መስመር ልታሳየው ነበር፤ አይታዋለች፣ ከላይ ስድስተኛው ነው። ጣቷን መልሳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና እሱ እስኪያገኘው ጠበቀች።